ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ የጽንስ ማቋረጥ ስልጠና ከማን ትጠብቅ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ገጠር ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነኝ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ኮሌጅ እያለን ጽንስ ማቋረጥን በቲዎሪ ተማርን፣ ኤም.ቪ.ኤውን (ማህፀንን በእጅ ስሪንጅ መምጠጥን) ደግሞ አንዴ ሞዴል ላይ አሳዩን። እዚህ የሰለጠነችው ሲስተር ተዛውራ ሄደች። ሲያሰለጥን የነበረው ፓርትነር ድርጅትም ፕሮጀክቱ አለቀ ተብሎ ወጣ። ሴቶች ሲመጡ ሪፈር እጽፋለሁ፣ ብዙዎቹ ግን ሆስፒታል እንደማይደርሱ አውቃለሁ። መንግሥት ራሱ የማሰልጠን ግዴታ የለበትም? ሳልሰለጥን ብሠራስ ሕጉ ይጠብቀኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። የኋለኛው አጭር ስለሆነ እሱን ላስቀድም። እጅሽ ያልለመደውን አትሥሪ። ሕጉ ከለላ የሚሰጠው በጤና ተቋም ውስጥ፣ ሙያው በሚፈቅደው ጊዜና መንገድ ለተሠራ ሥራ ነው። «አሳዘነችኝ» ማለት ፍርድ ቤት ፊት አያዋጣም፤ ማህፀን ቢበሳ ደግሞ ለሷም አይበጃትም። ሰልጥነሽ፣ መመሪያውን ተከትለሽ ስትሠሪ ግን ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ጥበቃ አለሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስልጠና ላይ የማገኛቸው ልጆች ከደምና ማህፀን ውስጥ ከሚገባው ቱቦ፣ ከካኑላው፣ ይልቅ የሚፈሩት ፖሊስን ነው።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ግንቦት 1997 ላይ ሥራ የጀመረው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ምክንያቶቹን አሰፋቸው። ተደፍራ ወይም ከቅርብ ዘመድ አርግዛ ከሆነ፣ እርግዝናው ወይም ወሊዱ ለሕይወቷ ወይም ለጤናዋ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም እሷ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ካልቻለች፣ አያስቀጣም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 552 ደግሞ በመደፈርና በዘመድ ጉዳይ የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ አይባልም። ጤና ሚኒስቴር በ1998 ባወጣውና በ2006 ባሻሻለው መመሪያም፣ ዕድሜዋ ካርዷ ላይ የተጻፈው ነው፤ ሌላ ማረጋገጫ አይጠየቅም። ተደፈርኩ ብላሽ ኋላ እውነት ያልሆነ ሆኖ ቢገኝ አንቺ አትከሰሺም። ብቁ ከሆነች ደግሞ አገልግሎቱን በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማግኘት አለባት። ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት የስልጠናው ግማሽ ይሄው ስለሆነ ነው። እጁ የሰለጠነ ግን ሕጉን የማያውቅ ባለሙያ ሴትየዋን ከበር ይመልሳታል። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። መንግሥት የማሰልጠን ግዴታ አለበት ወይ? አለበት ነው የምለው። ሕጉ ሚኒስቴሩን መመሪያ አውጣ ብሎ አዘዘው። ሚኒስቴሩም ሲያወጣ ሥራውን ለማህፀንና ጽንስ ሐኪም ብቻ አልተወውም፤ ለጤና መኮንን፣ ለነርስና ለአዋላጅ አወረደው። ትክክል ነበር። ያኔ የነበሩት ስፔሻሊስቶች ጥቂት ነበሩ፣ አብዛኞቹም ከተማ ነው የተከማቹት፤ እነሱን ብንጠብቅ ኖሮ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ አዋላጆችና ነርሶች በእርግዝናው የመጀመሪያ ሦስት ወር ይሄን ሥራ መሥራት እንደሚችሉ በየሙያው ዘርዝሮ የሚያስቀምጠውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ በ2015 ነው። የኛ የ1998ቱ መመሪያ እ.ኤ.አ በ2006 የወጣ ስለሆነ ዘጠኝ ዓመት ቀድመነዋል። በዚህ መኩራት ይገባናል፣ አንዳንዴ ራሳችንን ማመስገንም እንልመድ። ግን ሥራውን አውርዶ እጅ አለማሰልጠን፣ መሪ ሳያስጨብጡ መንጃ ፈቃድ እንደማደል ነው።

ምን ያህሉን እንደተሸከማችሁት ታውቂዋለሽ? እ.ኤ.አ በ2008 እና በ2014 በአገር አቀፍ ደረጃ ሁለት ጊዜ ተጠንቷል። በመጀመሪያው ጥናት ከጽንስ ማቋረጥ ጋር ከተያያዙ አገልግሎቶች ሐኪም ያልሆኑ፣ ማለትም እንዳንቺ ያሉ ባለሙያዎች የሰጡት 48 በመቶውን ነበር። በሁለተኛው 83 በመቶ ደረሰ። በዚያው ስድስት ዓመት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ በጤና ተቋም የተቋረጡት ከጠቅላላው ከ27 ወደ 53 በመቶ ገደማ ወጡ። ከነዚህ ውስጥ በመንግሥት ተቋም የተሠሩት ደግሞ ከ36 ወደ 56 በመቶ። የአዲስ አበባ ስፔሻሊስት ያመጣው ለውጥ እንዳይመስልሽ፤ የጤና ጣቢያ ሰው ነው ያመጣው። ድሮ፣ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ፣ ሆስፒታሎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከእናቶች ሞት ሲሶ የሚጠጋው በውርጃ ምክንያት ነበር። በኋለኞቹ ጥናቶች ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። በ80ዎቹ ዋርድ የነበሩ አስተማሪዎቻችን የሚያወሩትን፣ በበሰበሰ ማህፀንና በቴታነስ የሚሞቱትን ልጃገረዶች፣ ያንቺ ትውልድ እምብዛም ያላየው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን ሌላውም ግማሽ አለ። እ.ኤ.አ በ2014 ከ620 ሺህ በላይ ጽንስ ማቋረጥ እንደተካሄደ ተገምቷል፣ 53 በመቶው ብቻ ነው ተቋም ውስጥ የሆነው። የቀረው ቤት ውስጥ፣ በማይታወቅ ክኒን፣ በስር፣ በሰፈር «አዋቂ» እጅ። በዚያ ዓመት ተጎድተው የታከሙት ሴቶች 103 ሺህ ገደማ ነበሩ፣ ከ2008ቱ እጥፍ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን ቁጥር ይዞ «አያችሁ፣ ሕጉ ሲላላ ባሰ» ይላል። እኔ እንደዛ አላነበውም። ድሮ እቤቷ ተኝታ ትሞት የነበረችው አሁን ጤና ጣቢያ ትመጣለች፣ ስትመጣም ትቆጠራለች። ቁጥሩ አይረብሽም ማለቴ አይደለም፣ ይረብሻል። አንቺ ሪፈር ጽፈሽላት ሆስፒታል ያልደረሰችው ልጅ የምትገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ታዲያ ግዴታው ካለ ለምን አንቺ ጋ አልደረሰም? ማን ለምን እንደከፈለ ማየት ነው። መንግሥት ሕጉን አወጣ፣ ጤና ጣቢያውን ሠራ፣ ደመወዝሽን ይከፍላል፣ የስልጠና ማኑዋሉ ላይም ማህተሙ አለ። ይሄ ቀላል ድጋፍ አይደለም፤ ብዙ የአፍሪካ አገር ያሉ ባልደረቦቻችን ይሄንንም አላገኙም። የስልጠናው ወጪ ግን፣ አሰልጣኙ፣ ውሎ አበሉ፣ ሞዴሉ፣ የመጀመሪያው የኤም.ቪ.ኤ ኪት፣ ከስልጠና በኋላ መጥቶ የሚያየው ሱፐርቫይዘር፣ በአብዛኛው በፓርትነር ኪስ ላይ ነበር። አይፓስ፣ ሜሪ ስቶፕስ፣ የቤተሰብ መምሪያ ማህበር፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማህበር። ወረዳው ራሱ ለዚህ ብሎ የያዘው በጀት እምብዛም አልነበረም፣ ያለችው በጀት ደመወዝ ላይ ነው የምታልቀው። እና ፓርትነሩ ሲወጣ ስልጠናውም አብሮ ወጣ። አንቺ ጋ የሆነው ይሄው ነው።

የአሜሪካንን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፣ ምክንያቱም ጤና ጣቢያሽ ድረስ የሚደርስ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮ «ሄልምስ» የሚባል የኮንግረስ ማሻሻያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለጽንስ ማቋረጥ እንዳይውል ይከለክላል። ስለዚህ ከዩኤስኤድ ገንዘብ ሲያገኙ የነበሩ ፕሮጀክቶች እኛ ጋ መጥተው የሚያሰለጥኑት «ድኅረ ውርጃ ሕክምና»ን ነበር፣ ማለትም ፓክን፤ ውርጃ ጀምሯት እየደማች የመጣችውን ማከም ማለት ነው። ጽንስ ማቋረጥ ራሱ ማኑዋሉ ላይ ቢኖርም በነሱ ገንዘብ አይነካም ነበር። ሌላው «ሜክሲኮ ሲቲ» የሚሉት ፖሊሲ ነው። በራሱ በሌላ ገንዘብም ቢሆን ይሄን አገልግሎት የሚሰጥ የውጭ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የአሜሪካንን እርዳታ ያጣል። ፕሬዚዳንትነቱ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ይነሳል፣ ይመለሳል። እ.ኤ.አ በ2017 ተመለሰ፣ በ2021 ተነሳ፣ ጥር 2025 እንደገና ተመለሰ። ከዚያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዩኤስኤድ ራሱ ተዘጋ። የናንተን ጤና ጣቢያ የደገፈው ድርጅት በየትኛው ምክንያት እንደወጣ አላውቅም፣ ግን ዋሽንግተን ላይ በሚፈረም ወረቀት የሚከፈትና የሚዘጋ ስልጠና የኢትዮጵያ መንግሥት ስልጠና ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ ውስጥ ላንቺ የሚጠቅም ነገር አለ። ፓክ የሚሠራበት እጅና ጽንስ ማቋረጥ የሚሠራበት እጅ አንድ ነው። ያው ስሪንጅ፣ ያው ካኑላ፣ ያው ማደንዘዣ፣ ያው የወጣውን ቲሹ አጥቦ ማየት። ከማህፀን የቀረ ነገር ማውጣት ደግሞ ከቤሞንክ (መሠረታዊ ድንገተኛ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና) ሰባቱ ተግባራት አንዱ ነው፤ ኦክሲቶሲን እንደመስጠት፣ በእጅ እንግዴ ልጅ እንደማውጣት ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊያደርገው የሚጠበቅ ሥራ ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያሽ ኃላፊ «እኛ ጋ ውርጃ አንሠራም» ቢልሽ፣ «እየደማች የመጣችውንስ?» በይው። እሷን አላክምም ማለት አይችልም። እሷን ለማከም ኪቱ መኖር አለበት፣ የሰለጠነ ሰው መኖር አለበት። በዚህ በር ግቢ። እጅሽ በፓክ ከሰላ በኋላ የሚቀርሽ ሕጉን፣ ምክክሩንና የመድኃኒቱን አሰጣጥ መጨመር ነው፤ ከባዱን ክፍል ጨርሰሻል።

ስለ ስልጠናው ዓይነትም ትንሽ ልማረር። አብዛኛው የሥራ ላይ ስልጠና አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ነበር። ወደ ስልጠናው የሚላከው ሥራውን የምትሠራዋ ሳትሆን ተራ የደረሰው ነው፤ አበል አለበታ። ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን፣ ከዚያ በአቅራቢያው ያለ ክሊኒክ ውስጥ እየተጋፉ ጥቂት ኬዝ፣ ሰርተፍኬት፣ ፎቶ። ልጅቷ ወደ ጤና ጣቢያዋ ስትመለስ ስሪንጅ የለም። ስሪንጁ ሲመጣ እሷ ወደ ህክምና ካርድ ክፍል ተመድባለች፣ ወይም ተዛውራለች፣ ወይም የግል ክሊኒክ ገብታለች። አንቺ ጋ ያለችው ሲስተር እንደሄደችው። አሁን ደግሞ በመድኃኒት ማቋረጥ ስለበዛ ኤም.ቪ.ኤ የሚለመድበት ኬዝ ራሱ እያነሰ ነው። ለሴቶቹ ጥሩ ነው፣ ለሰልጣኙ ግን ያስቸግራል። የሚያዋጣው ብዙ ኬዝ ያለበት ሆስፒታል ሄዶ፣ ሳያቋርጡ መሥራት፣ ከዛም አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ሲያይሽ በራስሽ ጤና ጣቢያ መጀመር ነው። ሆቴል አያስፈልግም፣ በርካሽም ይሆናል።

ይሄ ሁሉ እንዳይፈጠር መፍትሔው ከመመረቅ በፊት መሆን ነበረበት። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለን። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ፣ በዶ/ር ሰናይት ፍሥሐ ከተመሠረተው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ተዋልዶ ጤና ስልጠና ማዕከል ጋር፣ እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ ቤተሰብ ምጣኔንና ጽንስ ማቋረጥን በመደበኛው የሐኪሞች ትምህርት ውስጥ አስገባ። ሆስፒታሉ ውስጥ «ምቹ» የሚባል ክሊኒክ ተከፈተ፤ ተማሪው እዚያ እንደማንኛውም ሮቴሽን፣ ማለትም የተግባር ልምምድ ተራ፣ ይገባል፣ ያያል፣ ይሠራል፣ ይፈተናል። ከዚያ ወደ ሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሰፋ። ለኔ በዚህ ጉዳይ ከተደረገው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ስልጠናው ከአበል ወጥቶ ካሪኩለም ውስጥ ገባ። አስተማሪው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፣ ፕሮጀክት ቢያልቅም ሮቴሽኑ አያልቅም። ቅሬታዬ፣ ይሄ ነገር ለሐኪሙ የደረሰውን ያህል ለአዋላጇ አለመድረሱ ነው። ሆስፒታል ላይ ሬዚደንቱ ይሠራል፣ ኢንተርኑ ያግዛል፣ የሚድዋይፈሪ ተማሪዋ በር ላይ ቆማ ታያለች። ኋላ ገጠር ሄዳ ብቻዋን የምትሠራው ግን እሷ ናት! ከኮሌጅ አስተማሪዎቹም ራሳቸው ኬዝ ሠርተው የማያውቁ አሉ፤ ያልሠራ ሰው ከሞዴል አያልፍም። የቀድሞዋ የጤና ሚኒስትር ዶ/ር ሊያ ታደሰም ሆኑ አሁን ያሉት ዶ/ር መቅደስ ዳባ፣ ሁለቱም ሚኒስትሮች የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው። ይሄን እንዲያስረዳቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። ግን የጤና ሳይንስ ኮሌጆች በክልል ሥር ናቸው፣ በጀቱም እዚያ ነው፣ ነገሩም እዚያ ይጎተታል።

ጦርነቱን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተደረገው ጦርነት የተደፈሩ ብዙ ሴቶች የመጡት ዘግይተው ነው፤ መንገድ ተዘግቶ፣ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ፣ አፍረው ተደብቀው። መቐለ ዓይደር ሆስፒታል ያለው፣ የተደፈሩ ሴቶች የሚረዱበት የአንድ መስኮት ማዕከል የተሸከመውን ማን ይረሳዋል። ከሦስት ወር ካለፈ ሥራው ካንቺ እጅ ይወጣል፣ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ሆስፒታሎችም ላይ በዚህ የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል፣ እዚያ ያለው እጥረት ደግሞ ካንቺ ጤና ጣቢያ ይብሳል።

ሳትጠይቂኝ የቀረ ነገር አለ፣ ምናልባት ፈርተሽ። እምነትሽ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ሳቢያ እንደ ወሊድ መከላከያ፣ ሕጋዊ ጽንስ ማቋረጥና ደም መስጠት ያሉ አገልግሎቶችን እምቢ ማለት አይችልም ብሏል። ደንቡ ይሄ ነው። እኔ ግን በግሌ የማይፈልግ ሰው ጎትቼ አላሰለጥንም፤ በግድ የሰለጠነ ሰው ሴትየዋን አልጋ ላይ አስተኝቶ ይሰብክባታል፣ ማደንዘዣ ይነፍጋታል። ስልጠናው ላይ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ስለ እሴት የምናወራው ለዚህ ነው፣ ብዙ ሰውም ከዚያ በኋላ ይለወጣል። የማይለወጠው ደግሞ ቢያንስ በሩን አይዝጋ፤ ጤና ጣቢያው ሌላ ሰው የማዘጋጀት ኃላፊነት አለበት። አንቺ ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትሄጂ ምን እንደሚሰማሽ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ካልፈለግሽ ለኃላፊሽ በጊዜ ተናገሪ፣ በሽተኛዋ ፊት አይሁን።

እሺ፣ አሁን ምን ታደርጊ? በቃል አትጠይቂ፣ ጻፊ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ «የሲ.ኤ.ሲ (የተሟላ የጽንስ ማቋረጥ ክብካቤ) ስልጠና ይሰጠኝ» ብቻ አትበይ፤ «ቅርብ ባለው ሆስፒታል የማህፀን ክፍል ተመድቤ ልለማመድ» ብለሽ ጻፊ። አበል የማይጠይቅ ጥያቄ እምቢ ለማለት ይከብዳል። ከዚያ በፊት ሆስፒታሉ ላይ ያለችውን ሲስተር ወይም ሐኪም ደውለሽ አነጋግሪ፣ ፈቃደኛ ሰው ካገኘሽ ስሙን ደብዳቤው ላይ አስገቢ። ቆይታሽ ለተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ እንዲያዝልሽም ጠይቂ፣ ለፈቃድ እድሳት ይጠቅምሻል። ሄደሽ እስክትመለሺ ፋርማሲው ኪቱንና መድኃኒቱን በመደበኛው ጥያቄ ላይ እንዲያስገባ ንገሪው። ጥያቄ ካልገባ የመድኃኒት አቅራቢው አይልክም፣ ከዛ ሰልጥነሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ።

እስከዚያ ሪፈርሽን አጠንክሪው። ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ሪፈር አይባልም። ወደ ሆስፒታሉ ደውዪ፣ ማን እንደሚቀበላት ስም ንገሪያት፣ ትራንስፖርት እንዳላት ጠይቂ፣ የደረሰችና ያልደረሰች መዝገብ ላይ ያዢ። ይሄ መዝገብ ብዙ ይሠራል። ወረዳው «ኬዝ የለም፣ ለምን እናሰልጥን» ሲል፣ በሦስት ወር ስንት ሴት መጥታ ስንቷ እንዳልደረሰች በቁጥር ታስቀምጪለታለሽ። የማን ሴት ልጅ እንደሆነች የሚያሳይ ነገር ግን አትጻፊ፤ ገጠር ነው፣ መዝገብ ይነበባል።

ደብዳቤው ወረዳ ላይ ከተኛ ደግሞ ለዞኑና ለክልሉ ጤና ቢሮ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል ግልባጭ አድርጊ። የክልል ቢሮ ዓመታዊ ዕቅድ የሚዘጋጀው በጀት ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ ስለዚህ ሰኔ እስኪመጣ አትጠብቂ። ከሌሎች ጤና ጣቢያዎች ያሉ አዋላጆችን ካገኘሽ አብራችሁ ፈርሙ፣ አንድ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ይተኛል፣ አምስት ጤና ጣቢያ የፈረመበት ግን ዕቅድ ላይ የመግባት ዕድል አለው። የአዋላጆች ማህበርም ክልል ላይ ቅርንጫፍ ካለው አሳውቂው፤ የኛ የሐኪሞቹ ማህበር ለሐኪሞች የጮኸውን ያህል እነሱ ለናንተ መጮህ አለባቸው።